ስለ መለካትና ስለ ልክ ስሕተት

መሬትን የሚለካ፥ እህልንም የሚሰፍር ሰው ሁሉ ይሳሳታል። እንዲህ ማለታችን ሁሉም አታላይ ነው ለማለት አይደለም። ታማኝ ሰው በመልካም መሣሪያ ቢለካ እንኳ፥ የሚያገኘው ቊጥር ከእውነተኛው ልክ ጥቂት ሳያንስ ወይም ሳይበልጥ አይቀርም። ስለዚህ ከሹም የሚፈለገው ብልኀት ስሕተቱ ከየት እንደሚመጣና ምን ያህል እንደሚሆን ማወቅ ነው።

ስሕተት ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ወዲያና ወዲህ የሚል ስሕተት ነው። በታች ጋይንት፥ በአርብ ገበያ አጠገብ ያለ አንድ የእርሻ ወሰን አምስት ጊዜ ተለክቶ 49.8፥ 50.1፥ 50.0፥ 50.2፥ 49.9 ሜትር ተገኘ እንበል። ቊጥሮቹ ተደምረው ለአምስት ቢካፈሉ 50.0 ሜትር ይሆናል፤ ልዩነቱም ወደ ላይም ወደ ታችም እስከ 0.2 ሜትር ነው። እንግዲህ አንዱ ጎረቤት «ወሰኔን 10 ሳንቲ ሜትር ገፋብኝ» ብሎ ቢከስ፥ በዚህ ልክ መፍረድ አይገባም። አንድ ሜትር ተገፋሁ ቢል ግን ልኩ ይመሰክራል።

ሁለተኛው ወደ አንድ ወገን የሚያደላ ስሕተት ነው፤ ይህ ከፊተኛው ይከፋል። 50 ሜትር ነው የተባለ ገመድ ተስቦ 51 ሜትር ቢሆን፥ መቶ ጊዜ ቢለኩበት መቶ ጊዜ ይሳሳታል፤ ቊጥሮቹም እርስ በርሳቸው ስለሚስማሙ ስሕተቱ አይታወቅም። 100 ሜትር በ50 ሜትር ተብሎ የተጻፈው እርሻ በእውነቱ 102 በ51 ነው፤ 5000 ካሬ ሜትር የተባለውም 5202 ይሆናል። በርዝመት ከመቶ ሁለት የነበረው ስሕተት በስፋት ከመቶ አራት ሆነ ማለት ነው። እንዲህ ባለ ገመድ መሬት ለወራሾች ሲከፈል፥ ለፊተኞቹ ይተርፋል፥ ለመጨረሻው ይጎድልበታል።

የተገመደ ገመድ ሲርስ ያጥራል፤ ጠፍር ግን ሲርስ ይለጠጣል። እንደ ጋይንት ባለ ተዳፋት አገርም፥ ገመዱ ከመሬቱ ጋር ተጋድሞ ቢለካ ልኩ ይበዛል፤ በ20 ዲግሪ ተዳፋት ላይ 100 ሜትር የተባለው በአግድም 94 ሜትር ብቻ ነው። በሳተላይት የሚሠራው የእጅ መለኪያም ብዙ ጊዜ በጥቂት ሜትሮች ይስታልና ለጠባብ ማሳ ብቻውን አይበቃም። በእህልም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ቁናውን ቆልሎ፥ ሌላው አስተካክሎ ቢሰፍር፥ ስሙ አንድ ሆኖ ልኩ ሁለት ይሆናል።

መስፈርት ራሱም መመርመር አለበት። ከ1889 እስከ 2019 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የዓለም ኪሎግራም በፓሪስ አጠገብ የተቀመጠ አንድ የብረት ክብደት ነበር። ከአምሳያዎቹ ጋር ሲመዘን ግን በመቶ ዓመት ውስጥ ከአንድ ግራም ሃያ ሺሕ እጅ አንዱን ያህል ልዩነት ስለ ታየ፥ በማይለወጥ የተፈጥሮ ቊጥር ተተካ። ያ ሁሉ ጥበቃ የተደረገለት ከተለወጠ፥ የወረዳ ገመድማ እንዴት ሳይመረመር ይታመናል?

ስለዚህ፤

አንደኛ፥ ገመዱ ከሥራ በፊትና በኋላ ከብረት ሜትር ጋር ይተያይ።

ሁለተኛ፥ ቢያንስ ሦስት ጊዜ፥ ከሁለቱም ጫፍ እየተጀመረ፥ ገመዱ በአግድም ተወጥሮ ይለካ።

ሦስተኛ፥ የተገኘው ቊጥር ሁሉ ሳይፋቅ ይጻፍ።

አራተኛ፥ ልኩ ከነስሕተቱ ወሰን በመዝገብ ይግባ።

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርምና፥ የልክ ጥንቃቄ ለድኻውም ለሹሙም መጠበቂያ ነው።