«በጣም ረጅም ሰዓት» ስንት ሰዓት ነው?

 

«ኮምፒዩተር ሌት ተቀን ሳይጠፋ ቢሠራ ይበላሻል ወይስ አይበላሽም?» የሚለው ጥያቄ በየጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ በየሂሳብ ክፍሉና በየጋዜጣ ዝግጅት ክፍሉ ሲነሳ የሚሰማ ነው። እኔም በሙያዬ ምክንያት ቀኔን የማሳልፈው ኮምፒዩተር ፊት ስለሆነ ጥያቄው በተደጋጋሚ ይቀርብልኛል። መልስ ሰጪዎቹ በሁለት ጎራ የተከፈሉ ናቸው። አንደኛው ወገን «እንደ ወፍጮ ሞተር ነው፤ ካላረፈ ይቃጠላል» ይላል። ሌላኛው ደግሞ «የሚጎዳው ማብራትና ማጥፋቱ ነው፤ እንደበራ ተወው» ባይ ነው። በእኔ አመለካከት ሁለቱም ወገኖች ሰዓት ብቻ ስለሚቆጥሩ ዋናው ነገር አምልጧቸዋል።

ሰዓት ብቻውን ኮምፒዩተርን የሚገድል ቢሆን ኖሮ የባንክና የቴሌ ሰርቨሮች ዓመት ባልዘለቁ ነበር። አንድ ዓመት 8,760 ሰዓት ነው። እነዚያ መሣሪያዎች በቀዘቀዘ ክፍል ውስጥ፣ በባለሙያ እየተጠበቁ፣ ለተከታታይ ዓመታት ሌት ተቀን ያገለግላሉ። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት እያንዳንዱ ሰዓት ባለፈ ቁጥር በውስጣቸው ምን እየተጠራቀመ ነው የሚለው ነው። ሙቀትና አቧራ እንደሚጠራቀም ሁሉም ያውቃል። ስህተትም እንደሚጠራቀም ግን ብዙዎቻችን ልብ አንለውም።

ለዚህ ከማውቃቸው ምሳሌዎች ሁሉ ከባዱ የደረሰው በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ወቅት፣ በሳዑዲ ዐረቢያዋ ዳህራን ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 25 ቀን 1991 ከኢራቅ የተተኮሰ ስከድ ሚሳይል የአሜሪካ ወታደሮች በሰፈሩበት ሕንፃ ላይ ወደቀ። 28 ወታደሮች ሞቱ፤ ወደ 100 የሚጠጉ ቆሰሉ። አካባቢውን ይጠብቅ የነበረው ፓትሪዮት የተባለው ፀረ ሚሳይል መሣሪያ አልተተኮሰም። መሣሪያው አልተሰበረም፤ ኃይልም አላጣም። ጉዳዩን የመረመረው የአሜሪካ መንግሥት የሂሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ1992 ባወጣው ሪፖርት እንደገለጸው ኮምፒዩተሩ ሳይጠፋ ከ100 ሰዓት በላይ ሠርቶ ነበር።

ለመሆኑ 100 ሰዓት መሥራት ምን ችግር ያመጣል? ኮምፒዩተሩ ጊዜን የሚቆጥረው በሰከንድ አንድ አሥረኛ ነበር። እኛ በምንጽፈው አኃዝ አንድ አሥረኛ 0.1 ተብሎ ያልቃል። ኮምፒዩተር በሚጠቀምበት የዜሮና የአንድ አቆጣጠር ግን አንድ አሥረኛ ማለቂያ የለውም፤ ልክ እኛ አንድን ለሦስት ስናካፍል 0.333 እያለ እንደሚቀጥለው። ማለቂያ የሌለውን ቁጥር የሆነ ቦታ ላይ መቁረጥ ግድ ነው። የተቆረጠችው ቁራጭ ከሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ እንኳ ታንሳለች። ከክንዱ ላይ በፀጉር ስፋት ያጠረ ሜትር የያዘ የመርካቶ ጨርቅ ነጋዴን እናስብ። አንድ ሜትር ሲለካ ልዩነቱን ማንም አያየውም፤ ጣቃ በጣቃ ሲለካ ውሎ ማታ ሂሳብ ሲተሳሰብ ግን የሆነ ቦታ ጨርቁ አልገጥም ይላል። በ100 ሰዓት ውስጥ 3,600,000 የሰከንድ አሥረኛዎች አሉ። የተጠራቀመው ስህተት የሰከንድ አንድ ሦስተኛ ያህል ሆነ። ስከድ በአንድ ሰከንድ ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ስለሚጓዝ ፓትሪዮቱ ሚሳይሉን የፈለገው ከነበረበት ቦታ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ፈንጠር ብሎ ነበር። እዚያ ቦታ ምንም ስላላገኘም ክትትሉን ተወው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ይበልጥ ያስቆጫል። ችግሩ ይታወቅ ነበር። እስራኤላውያን መሣሪያውን ሲጠቀሙ ለ8 ሰዓት በተከታታይ ከሠራ በኋላ ኢላማው መዛባት እንደሚጀምር አይተው ከአደጋው ሁለት ሳምንት በፊት ለአሜሪካኖቹ አሳውቀዋል። አደጋው ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረውም ለተጠቃሚዎቹ መልእክት ተላለፈ። የመልእክቱ ይዘት መሣሪያው በጣም ረጅም ሰዓት ከሠራ ሊዛባ እንደሚችል የሚገልጽ ነበር። «በጣም ረጅም» ስንት ሰዓት እንደሆነ ግን አልተጻፈበትም። ሃያ ሰዓት ይሁን ወይስ መቶ? ተጠቃሚዎቹ አያውቁም ነበር። መሣሪያው መጀመሪያ የታቀደው ከቦታ ቦታ እየተዘዋወረ በአንድ ስፍራ ለጥቂት ሰዓታት እንዲሠራ ስለሆነ፣ ለቀናት አንድ ቦታ ተተክሎ ይሠራል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። የተስተካከለው ፕሮግራም ዳህራን የደረሰው በማግስቱ፣ የካቲት 26 ነው። አጥፍቶ ማስነሳት ብቻውን ቆጣሪውን ወደ ዜሮ ይመልሰው ነበር። ያ የሚፈጀው ደግሞ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ነው!

ይህ የጦር ሜዳ ነገር ነው፣ እኛን ምን አገባን የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። በ1990ዎቹ በየቢሮው ገብቶ የነበረው ዊንዶውስ 95 እና ተከታዩ ዊንዶውስ 98 ተመሳሳይ ሕመም ነበረባቸው። ከተነሱ ጀምሮ ያለውን ጊዜ በሚሊ ሰከንድ የሚቆጥሩበት ሣጥን ከ49 ቀን ከ17 ሰዓት በኋላ ይሞላና ኮምፒዩተሩ ቀጥ ይል ነበር። ይህ ለዓመታት ሳይታወቅ ቆየ። (ያን ጊዜ በሌላ ምክንያት ሳይቆም 49 ቀን የሠራ ዊንዶውስ ያየ ካለ ይንገረን!) የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደርም በ2015 ስለ ቦይንግ 787 ትእዛዝ አውጥቷል። የጄኔሬተር መቆጣጠሪያዎቹ ሳይጠፉ 248 ቀን ከቆዩ ሁሉም ባንድ ጊዜ ሥራ ሊያቆሙ እንደሚችሉ በላቦራቶሪ ፍተሻ ስለታወቀ፣ ይህ ከመሆኑ በፊት ኃይላቸው እየተቋረጠ እንዲነሱ የሚያዝ ነበር። ይህን አውሮፕላን አየር መንገዳችን ከ2012 ጀምሮ ያበርረዋል።

በእኛ ጠረጴዛ ላይ የሚጠራቀመው ስህተት የሰው ሕይወት ላያጠፋ ይችላል፤ የሰው ሥራ ግን ያጠፋል። ፕሮግራሞች ከራም የወሰዱትን ቦታ ሁልጊዜ አይመልሱም። ሳምንት ሙሉ ያልጠፋ ኮምፒዩተር ቀስ በቀስ ይንቀራፈፍና ጋዜጣ ወደ ማተሚያ ቤት በሚላክበት ሌሊት ወይም የደንበኛ መመረቂያ ጽሑፍ በሚታተምበት ሰዓት ይቆለፋል። እዚህ ላይ ብዙዎች የማያውቁት አንድ ነገር አለ። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ በመጡት ኮምፒዩተሮች ላይ «ሻት ዳውን» ማለት አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ በሙሉ ማጥፋት አይደለም። በፍጥነት እንዲነሳ ሲባል የሥርዓቱ እምብርት ያለበት ሁኔታ ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀመጥና በነጋታው እንደነበረ ይመለሳል። በየማታው እያጠፋሁ ለምን ይንቀራፈፋል ለሚል ሰው ምላሹ ይኸው ነው። እንደ አዲስ የሚያስነሳው «ሪስታርት» የሚለው ነው። ዓርብ ለጁምዓ ሶላት ሱቅ ሲዘጋ ሥራን ሴቭ አድርጎ፣ ፋይሎችን ዘግቶ ሪስታርት ተጭኖ መውጣት ለብዙው የጽሕፈት ቤት ይበቃል።

ወደ ሙቀት እንምጣ። አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ስለሆነች ለኮምፒዩተር ትስማማለች የሚል እምነት አለ። እውነትነቱ ግማሽ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ፋን የሚያቀዘቅዘው አየር አንቀሳቅሶ ነውና የሳሳ አየር የሚሸከመው ሙቀትም ያነሰ ነው። ለዚህም ነው አንዳንድ የሰርቨር አምራቾች ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ የሚፈቀደውን የክፍል ሙቀት በ1 ዲግሪ የሚቀንሱት። በዚህ ስሌት እኛ ከ4 ዲግሪ በላይ አስቀድመን አጥተናል ማለት ነው። በዚያ ላይ የመንገድ አቧራ ይጨመርበታል።

የሙቀት ጉዳት እንዴት እንደሚሰላ በአንድ ዕቃ ላይ እንይ። በኮምፒዩተሩ ማዘር ቦርድና ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ካፓሲተር የሚባሉ ትናንሽ በርሜል መሰል ዕቃዎች አሉ። በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ በሙቀት ይደርቃል። በባለሙያዎች ዘንድ በሚሠራበት ስሌት ሙቀቱ 10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ዕድሜያቸው እጥፍ ይሆናል። በ105 ዲግሪ 2,000 ሰዓት እንዲሠራ የተመረተ ካፓሲተር በ65 ዲግሪ 32,000 ሰዓት ይሠራል፤ ሌት ተቀን ከበራ ሦስት ዓመት ከስምንት ወር ገደማ ማለት ነው። አቧራውን አራግፎ፣ ኮምፒዩተሩን ከግድግዳ አርቆ ሙቀቱን ወደ 55 ያወረደ ሰው ሰባት ዓመት ያልፈዋል። ለዚህ ዕቃ 10 ዲግሪ ማቀዝቀዝ በየቀኑ 12 ሰዓት ከማጥፋት ጋር ይተካከላል። ማጥፋት የማይችል ሰው ቢያንስ ያጽዳ የምለው ስለዚህ ነው። ማጽዳት ሲባል ግን አጥፍቶ፣ ሶኬቱን ነቅሎ ነው።

ስለ ቆጣሪውም አንድ ነገር ላንሳ። 100 ዋት የሚወስድ ዴስክቶፕ ሌት ተቀን ከበራ በወር 72 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር ዋጋው ከፍ ስለሚል ጭማሪው ከሚገመተው በላይ ሊሆን ይችላል።

ላፕቶፕ ላይ ያለው ጉዳይ የባትሪ ነው። የሊቲየም ባትሪን ከምንም በላይ የሚያስረጀው ሞልቶ ሳለ መሞቅ ነው። ቻርጀር ላይ ተሰክቶ የሚውል፣ የሚያድር ላፕቶፕ ደግሞ ሁለቱንም ያገኛል። ብዙ አምራቾች ባትሪው 80 በመቶ ሲደርስ መሙላት እንዲያቆም የሚያደርግ ማስተካከያ በላፕቶፖቻቸው ላይ አስገብተዋል። ጠረጴዛ ላይ ብቻ የሚሠራ ሰው ዛሬውኑ ያብራው። ፍራሽ ወይም ሶፋ ላይ አስቀምጦ ማሠራት ግን የአየር ማስወጫውን ስለሚደፍን ማንኛውም ማስተካከያ አያድነውም። የመዳሰሻው ሰሌዳ ወደ ላይ ከተነሳ፣ ክዳኑ አልገጥም ካለ ወይም ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ ከተወዛወዘ ባትሪው አብጧል። ያን ጊዜ ቻርጀሩን ነቅሎ ማጥፋት ነው። ያበጠ ባትሪ አይወጋም፣ አይጫንም፣ «ትንሽ ይሠራል» ተብሎ አይሰካም። በጠጋኝ እጅ ወጥቶ በአዲስ እስኪተካ ድረስ ላፕቶፑ የሚቀመጠው ሊቀጣጠል ከሚችል ነገር ሁሉ ራቅ ብሎ፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ ነው።