ምዕራፍ ዘጠኝ፦ አዲሱ መኪናዎ ፍሬን ሲይዙ ለምን ያፏጫል?

ብዙ ሚሊዮን ብር የወጣበት መኪና ከተገዛ ወር ሳይሞላው ቀይ መብራት ላይ ሲቆም ሲጢጥ ካለ ባለቤቱ መደንገጡ አይቀርም። እግረኛው ዞሮ ያያል፤ ጎን የተቀመጠው ወዳጅ «ሸራው አልቆ ይሆን እንዴ?» ይላል። ድንጋጤው ተገቢ ነው፤ የሰው ሕይወት በቀጥታ ከተንጠለጠለባቸው የመኪና ክፍሎች ፍሬን ቀዳሚው ነውና። ሆኖም በአዲስ መኪና ላይ የሚሰማ ፉጨት አብዛኛውን ጊዜ ፍሬኑ ደክሟል ማለት አይደለም። እንዲያውም ከሌሎቹ ይልቅ የሚጮኸው ብዙ ጊዜ ኃይለኛው ፍሬን ነው። ስለዚህ በዚህ ምዕራፍ ሁሉ የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፦ ዝምታ ለማግኘት ሲሉ የፍሬኑን ኃይል አሳልፈው እንዳይሰጡ።

ድምፁ ከየት ይመጣል?

ፍሬን ሲረግጡ በካሊፐሩ ውስጥ ያሉት ፒስተኖች ሁለቱን ሸራዎች ከሚሽከረከረው ዲስክ ጋር ያጣብቋቸዋል። ሸራው ዲስኩን ይይዛል፣ ያመልጠዋል፣ መልሶ ይይዘዋል። የማሲንቆ ደጋን ጭራውን እየሳበና እየለቀቀ እንደሚያስጮኸው ሁሉ፣ ይህ መያዝና መልቀቅ በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ሲደጋገም ዲስኩ፣ ሸራውና ካሊፐሩ አብረው ይንቀጠቀጣሉ፤ ያን ጊዜ ፉጨቱ ይወጣል። የፍሬን ፉጨት ከ1,000 ሄርዝ ጀምሮ እስከ 16,000 ሄርዝ ገደማ ይደርሳል። የሰው ጆሮ ደግሞ ከሁሉ አብልጦ የሚሰማው ከ2,000 እስከ 5,000 ሄርዝ ያለውን ድምፅ ነው። ትንሿ መንቀጥቀጥ ያን ያህል የምታስበረግገን ለዚህ ነው።

ችግሩ ከዲስክ ፍሬን ጋር አብሮ የተወለደ ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ላንቸስተር እ.ኤ.አ. በ1902 የዲስክ ፍሬን የፈጠራ መብት ሲያስመዘግብ የተጠቀመበት የመዳብ ሸራ ጆሮ የሚበጣ ጩኸት ነበረው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሌላው እንግሊዛዊ ኸርበርት ፍሩድ አስቤስቶስ የተባለውን ማዕድን ለሸራ አዋለውና ጩኸቱ ቀነሰ። ዝምታው ግን ከባድ ዋጋ አስከፈለ፤ የአስቤስቶስ ብናኝ የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣ ተረጋግጦ ብዙ አገሮች ከልክለውታል። ዛሬም ቢሆን ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ርካሽ ሸራ ምን እንደያዘ በዓይን አይለይም። መካኒክዎ የፍሬን ብናኝ በኮምፕረሰር አየር ሲያራግፍ ካዩ እንዲተው ይንገሩት። በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ለእሱም ለእርስዎም ይበጃል።

ውድ መኪና ለምን ይብስበታል?

ከ2 ቶን በላይ የሚመዝን የቅንጦት መኪና ያስቡ። 2,200 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየሄደ ቢቆም፣ ፍሬኑ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ወደ ሙቀት የሚለውጠው ጉልበት 850 ኪሎ ጁል ያህል ነው፤ ሁለት ሊትር ተኩል ቀዝቃዛ ውሃ የሚያፈላ ሙቀት ማለት ነው። የጀርመን ኩባንያዎች ደግሞ መኪናቸው ፍጥነት ባልተገደበባቸው የአውቶባን ክፍሎች ላይ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ሲበርም ደጋግሞ እንዲቆም አድርገው ይነድፉታል። ለዚህ ሲሉ የብረት ቅንጣት የበዛበት ሸራ ይመርጣሉ። እንዲህ ያለው ሸራ በጋለ ጊዜ እንኳ አጥብቆ ይይዛል፤ በአንጻሩ ጥቁር ብናኝ ቸርኬው ላይ ያለብሳል፣ በቀዘቀዘ ጊዜና በዝግታ ጉዞ ደግሞ ይጮኻል። ለጃፓንና ለሰሜን አሜሪካ ገበያ በብዛት የሚሠራው ሸራ ግን ለስላሳ ነው፤ «ሴራሚክ» እየተባለ የሚሸጠውም አብዛኛው ከዚሁ ወገን ነው። ድምፁም ብናኙም ያነሰ ነው። ከጃፓን መኪና ወደ ጀርመን መኪና የተሻገረ ሰው ልዩነቱን በመጀመሪያው ሳምንት የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው።

እነዚያ ትልልቅ ዲስኮችና አራት ወይም ስድስት ፒስተን ያላቸው ካሊፐሮች የተነደፉት ለከባድ ሥራ ነው። እኛ የምናሠራቸው ግን ከቦሌ እስከ መገናኛ በመኪና ሰልፍ ውስጥ ፔዳሉን ነካ ለቀቅ በማድረግ ነው። ፉጨት የሚወደው ሁኔታ ደግሞ ይኸው ነው፦ ዝቅተኛ ፍጥነት፣ ቀላል ንክኪ፣ ያልሞቀ ሸራ።

በዚህ ላይ የአዲስነት ነገር አለ። አዲስ ሸራና አዲስ ዲስክ ገና አልተላመዱም። የቢኤምደብልዩ መመሪያ ፍሬኑ ሙሉ አቅሙን የሚያገኘው ከ500 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ መሆኑን ይገልጻል፤ የሌሎቹም አምራቾች ምክር ከዚህ ብዙ አይርቅም። ወደ አገራችን የሚገባ መኪና ደግሞ መንገዱ ረጅም ነው። በመርከብ መጥቶ በጅቡቲ ወደብ ሙቀትና ጨዋማ አየር ውስጥ ሲቆም የዲስኩ ብረት ይዝጋል። ላይ ላዩን የያዘ ቡናማ ዝገት በጥቂት ቀን ጉዞ ተፍቆ ይጠፋል። ዝገቱ የሸራውን ቅርጽ ይዞ ዲስኩ ላይ ከታተመ ግን ፔዳሉ እግር ሥር ይርገበገባል። ይህን ጊዜ ዲስኩ በመለኪያ መታየት አለበት።

መጀመሪያ ያዳምጡ

ወደ ጋራዥ ከመሄድዎ በፊት ድምፁ መቼ እንደሚመጣ ይለዩ፤ ግማሹ ምርመራ ይህ ነው። ጠዋት ላይ፣ ከዝናብ ወይም ከእጥበት በኋላ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት አያያዞች ተሰምቶ የሚጠፋ ድምፅ የእርጥበትና የቀላል ዝገት ነውና ይተዉት። ቀስ ብለው ሲይዙ እየጮኸ ጠንከር አድርገው ሲረግጡ የሚጠፋውም ከላይ የተናገርነው መንቀጥቀጥ ነው። አውቶማቲክ ማርሽ ያለው መኪና ፍሬኑን ሊለቁ ሲሉ የሚያሰማው ወፍራም ማጉረምረምም ከዚሁ የሚቆጠር ነው።

ፍሬን ሳይነኩ የሚሰማ ድምፅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በዲስኩና ከኋላው ባለው ስስ የቆርቆሮ መከለያ መካከል ጠጠር ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ በኮረት መንገድ ላይ ይህ የተለመደ ነው፣ ለማውጣትም ብዙ አያስቸግርም። ወይም ካሊፐሩ ተጣብቆ ሸራውን አልለቅ ብሎ ይሆናል። ለመለየት፣ ብዙ ፍሬን ሳይዙ ጥቂት ከነዱ በኋላ እጅዎን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ያስጠጉ፤ አይንኩ። በአንድ አክሰል ላይ ካሉት ሁለት ጎማዎች አንደኛው ተለይቶ ከጋለ፣ ወይም መኪናው ወደ አንድ ጎን ከሳበ፣ በዚያው ቀን ያሳዩት።

ብረት ከብረት ጋር የሚፋቅ ድምፅ ከሰሙ፣ ፔዳሉ ወደ ታች ከሰመጠ፣ ወይም የፍሬን ማስጠንቀቂያ መብራት ከበራ ደግሞ መኪናውን አቁመው በሌላ መኪና ያስጭኑት። አዲስ ሸራ ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲቀረው መለወጥ አለበት። በብዙ መኪኖች ላይ ያን ጊዜ አንዲት ስስ ብረት ዲስኩን እየነካች ሆን ብላ ትጮኻለች። በአውሮፓ የቅንጦት መኪኖች ግን ይህን ሥራ ዳሽቦርዱ ላይ መብራት የሚያበራ ሽቦ ይሠራዋል። ስለዚህ በእነዚህ መኪኖች ላይ ፉጨት ብቻውን ሸራው ማለቁን አያሳይም።

ሸራውን ማላመድ

ሌላ ችግር ከሌለ የመጀመሪያው መድኃኒት ገንዘብ አይጠይቅም። መጀመሪያ የመኪናዎን መመሪያ ያንብቡ፤ የራሱ ሥርዓት ካለው እሱን ይከተሉ። ከሌለው፣ እሑድ ማለዳ ቀጥ ያለ፣ ሰውና መኪና የሌለበት አስፋልት ይምረጡ። የፍጥነት መንገድ ለዚህ አይሆንም፤ ከኋላ በ100 የሚመጣ ሹፌር እርስዎ በድንገት ይቀዘቅዛሉ ብሎ አይጠብቅም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄዱ ጠንከር አድርገው ግን ጎማው ሳይቆለፍ ይያዙና እስከ 10 ሲወርድ ይልቀቁ። ግማሽ ደቂቃ ያህል ነድተው ይድገሙት። አሥር ጊዜ ያህል ካደረጉ በኋላ ፍሬን እምብዛም ሳይነኩ አሥር ደቂቃ በመንዳት ያቀዝቅዙት። ዲስኩ እንደጋለ ቆመው ፔዳሉን ረግጠው አይቆዩ፤ የሸራው ቁስ አንድ ቦታ ላይ ይታተማል። ውሃም አያፍስሱበት። ከአባይ በረሃ ወይም ከእንጦጦ ቁልቁለት ወርደው ወዲያው መኪናቸውን የሚያሳጥቡ ሰዎች የጋለ ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መርጨት ሊያጣምመው ወይም ሊሰነጥቀው እንደሚችል ቢያውቁ መልካም ነው።

በአገራችን አዲስ መኪና የሚገዛው ሰው ብዙው የኤሌክትሪክ መኪና ነው የሚይዘው፤ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ምርጫው ጠቧል። የኤሌክትሪክ መኪና ፍጥነቱን የሚቀንሰው በአብዛኛው በሞተሩ ነው፤ በዚያውም ባትሪውን ይሞላል። ዲስኩ ሥራ ፈቶ ስለሚውል ይዝጋል፣ ሞተሩም ድምፅ ስለሌለው ትንሿ ፉጨት ጎልታ ትሰማለች። ፎልክስዋገን በአይዲ 4 የኋላ ጎማዎች ላይ በዲስክ ፈንታ ዝግ የሆነውን ታምቡር ፍሬን ያደረገበት አንዱ ምክንያት ይህ ዝገት ነው። በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ፣ ከኋላ ሰው አለመኖሩን አይተው ፔዳሉን ጠንከር አድርገው ይርገጡ። ዲስኩ ይጸዳል።

ጋራዥ ሲገቡ

ድምፁን በስልክዎ ይቅረጹ። መኪናው ጋራዥ ሲደርስ ዝም ማለቱ የተለመደ ነውና መካኒኩን አሳፍረው አብረው ይንዱ። ከሻጩ የተሰጠ ዋስትና ካለ ቅሬታዎን በጽሑፍ ያስገቡና ቀን ያለበት ቅጂ ይያዙ። አምራቹ ስለዚህ ድምፅ ለጋራዦች ያወጣው የጥገና መመሪያ ካለ በሻንሲ ቁጥር እንዲያዩልዎ ይጠይቁ፤ አምራቾች ጠርዙ የተሞረደ ሸራ ወይም ንዝረት የሚውጥ የኋላ ሽፋን ያለው የተሻሻለ ሸራ የሚያወጡበት ጊዜ አለ። ሸራ ያላቂ ዕቃ ስለሆነ ዋስትናው አይመለከተውም ሊሉዎ ይችላሉ። ያለቀ ሸራ እንዲተካ ሳይሆን በአዲሱ ላይ ያለ ድምፅ እንዲመረመር መጠየቅዎን ግልጽ ያድርጉ።

ጥሩ መካኒክ ሸራውን አውጥቶ መቀመጫውን ያጸዳል፣ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸውን ፒኖች ለፍሬን በተሠራ ግሪስ ያሻል፣ የዲስኩን ውፍረትና ቀጥተኛነት ይለካል። ግሪስ የሸራውን ፊት ወይም ዲስኩን ፈጽሞ መንካት የለበትም። «ትንሽ ዘይት ጠብ ብናደርግበት ዝም ይላል» የሚል ሰው ካጋጠመዎ ቁልፍዎን ተቀብለው ይውጡ። ዲስኩን በቶርኖ ማስላግም ከአዲስ መኪና ላይ ብረት መቀነስ ስለሆነ የመጨረሻው አማራጭ ይሁን፤ ዝቅተኛው የተፈቀደ ውፍረት ዲስኩ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ጎማ ሲታሰርም ጎሚስታው ብሎኖቹን በእኩል ማጥበቁን ይከታተሉ፤ አንዱ ላልቶ አንዱ ከጠበቀ ዲስኩ ይዛባል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ፉጨቱ ቢጠፋ መልካም። ትንሽ ቢቀረው፣ ምርመራውም ፍሬኑ ጤነኛ መሆኑን ካሳየ፣ እኔ ኦሪጅናሉን ሸራ ይዘው እንዲቀጥሉ እመክራለሁ። ለስላሳ ሸራ ካስቀየሩ ግን ለመኪናዎ ክብደትና ፍጥነት የተሠራ መሆኑን ያረጋግጡ፤ የወጣውን ኦሪጅናል ከጋራዡ ተቀብለው ያስቀምጡ፤ አዲሱንም አላምደው በባዶ መንገድ ላይ ይሞክሩት። መኪናው ለመቆም ከበፊቱ የረዘመ መንገድ ከወሰደ በዚያው ቀን ኦሪጅናሉን ያስመልሱ።