ቀጭን አየርና የጠነከረ ፍሬን፦ በመርሳ–ደሴ መስመር የሚነዱ አሮጌ ኮሮላዎች የጉልበት ማሻሻያ ሲመዘን

መግቢያ

በሀገራችን «ስፖርት መኪና» የሚለው ስም የሚሰጠው ከፋብሪካ በዚያ ስም ለወጣ መኪና ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች ከፍታው ዝቅ ተደርጎ፣ ሰፊ ቸርኬ ገብቶለት፣ ማርሚታው ተለውጦ የሚታየው መኪና ብዙውን ጊዜ «ዲኤክስ» እያልን የምንጠራው አሮጌው ቶዮታ ኮሮላ ነው። ምርጫው ያለ ምክንያት አልሆነም። በ1979 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ይህ አራተኛ ትውልድ ኮሮላ በኋላ ጎማው የሚገፋ፣ ቀላልና በማንኛውም ጋራዥ ሊፈታ የሚችል መኪና ነው። በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣውና በእሽቅድድም ወዳጆች ዘንድ ዝነኛ የሆነው ኤ ኢ 86 ኮሮላም የቅርብ ዘመዱ ነው። ልዩነታቸው በሞተሩ ላይ ነው፤ የኤ ኢ 86 ዝነኛ ሞተር 1587 ሲሲ፣ 16 ቫልቭና ሁለት ካምሻፍት ሲኖረው፣ በዲኤክስ ላይ የምናገኘው 4ኬ ሞተር ግን 1290 ሲሲና 8 ቫልቭ ብቻ ያለው ባለካርቡሬተር ነው።

አሮጌውን መኪና አሻሽሎ የማቆየት ልማድ ቶሎ የሚቀር አይመስልም። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖች ታክስ ከዕድሜያቸው ጋር እየከበደ እንዲሄድ አድርጓል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖችን ወደ ሀገር ማስገባት ተከልክሏል። ስለሆነም አንድ ወጣት ፈጣን መኪና ሲመኝ ገንዘቡን የሚያወጣው ቀድሞ በገባው መኪና ላይ ነው፤ ገንዘቡ የት ላይ ቢወጣ ይጠቅማል፣ የት ላይስ ቢወጣ ይጎዳል የሚለው ጥያቄም ከዚሁ ይመነጫል።

በሀብሩ ወረዳና በአካባቢው ይህ ጥያቄ የራሱ ገጽታ አለው። በመለዋወጫ ማሸጊያ ላይ «ይህን ያህል የፈረስ ጉልበት ይጨምራል» ተብሎ የሚጻፈው አኃዝ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ባሕር ጠለል ሁኔታ ተስተካክሎ የሚነገር ነው። የእኛ መኪና ግን የሚሠራው 1600 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው መርሳ፣ 2100 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ወልዲያና 2500 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደሴ መካከል ነው። ይህ ጽሑፍ የ4ኬ ሞተርን እንደ ምሳሌ ወስዶ፣ በዚህ ከፍታ ላይ እያንዳንዱ ማሻሻያ ምን ሊሰጥ እንደሚችል በስሌት ይመረምራል። ሞተሩ በዳይናሞሜትር አልተለካም፤ አኃዞቹ የሚመነጩት ከመደበኛው የከባቢ አየር ቀመርና ከሞተሩ ልኬቶች ነው። የጋራዥ ቃላትን በብዛት የተጠቀምሁትም ውጤቱ ሊደርስ የሚገባው መጀመሪያ መካኒኩ ዘንድ ስለሆነ ነው።

የጎደለው አየር

የቤንዚን ሞተር ጉልበት የሚወሰነው በየዑደቱ ወደ ሲሊንደሩ በሚገባው የአየር መጠነ ቁስ ነው፤ ቤንዚን መጨመር ቀላል ነው፣ የሚያቃጥለውን አየር ማግኘት ግን ከባድ ነው። በባሕር ጠለል የአየር ግፊት 101.3 ኪሎፓስካል ሲሆን፣ በመርሳ ከፍታ 83.5፣ በወልዲያ 78.4፣ በደሴ 74.7 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። ሙቀት ሲታከልበት ሥዕሉ ይለወጣል። በ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የባሕር ጠለል አየር በሜትር ኩብ 1.225 ኪሎግራም ይመዝናል። መርሳ ላይ በ28 ዲግሪ 0.967 ኪሎግራም ይሆናል፤ ይህም 79 በመቶ ነው። ደሴ ላይ በ18 ዲግሪ 0.894 ኪሎግራም፣ ማለትም 73 በመቶ ይሆናል።

እዚህ ላይ ትኩረት የሚስብ ነገር አለ። በመርሳና በወልዲያ መካከል የሚገኘው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል 1850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። በዚያ ከፍታ ጧት በ18 ዲግሪ ያለው አየር 0.970 ኪሎግራም ይመዝናል፤ ከመርሳ የቀትር አየር ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። የ10 ዲግሪ ሙቀት ልዩነት የ250 ሜትር ዳገትን ያህል ያስከፍላል። «መኪናዬ ጧት ጧት ትበራለች» የሚሉ አሽከርካሪዎች አልተሳሳቱም።

በፋብሪካ ልኬት 60 የፈረስ ጉልበት አለው የተባለ ሞተር፣ ጉልበቱ ከአየሩ እፍጋት ጋር እኩል ይቀንሳል ብለን ብንወስድ፣ መርሳ ላይ 47፣ ደሴ ላይ 44 ገደማ ይቀረዋል። በሞተሩ ውስጥ ያለው ሰበቃ ከከፍታ ጋር ስለማይቀንስ እውነተኛው አኃዝ ከዚህም ጥቂት ዝቅ ይላል። እንግዲህ ማንኛውም ማሻሻያ መመዘን ያለበት ከዚህ ከ13 እስከ 16 የፈረስ ጉልበት ጉድለት አንጻር ነው።

ካርቡሬተሩና ጂግለሩ

ርካሹና ብዙውን ጊዜ የሚዘነጋው ማሻሻያ ጂግለር ነው። ካርቡሬተር አየርን የሚለካው በክብደት አይደለም፤ አየሩ በጠባቡ ጉሮሮ ሲያልፍ የሚፈጠረው የግፊት ልዩነት ቤንዚኑን ይስበዋል። ስለዚህ አየሩ ሲሳሳ የአየርና የነዳጅ ውድር የሚቀንሰው በእፍጋቱ ካሬ ዘር መጠን ነው። በባሕር ጠለል ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 13 ኪሎ አየር እንዲሰጥ የተስተካከለ ካርቡሬተር፣ ሳይነካ መርሳ ላይ 11.6፣ ደሴ ላይ 11.1 ኪሎ ገደማ ብቻ ይሰጣል። ድብልቁ ይበዛበታል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ቤንዚኑ ሳይቃጠል በማርሚታ ይወጣል፣ የሲሊንደሩንም ዘይት ያጥባል።

መድኃኒቱ የጂግለሩን ቀዳዳ ስፋት በ11 በመቶ፣ ዲያሜትሩን ደግሞ በ6 በመቶ ገደማ ማጥበብ ነው፤ ባለ 1.00 ሚሊሜትሩ ወደ 0.94 ይወርዳል ማለት ነው። ነገር ግን በብዙ ጋራዦች የሚደረገው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ «ጉልበት እንዲያገኝ» ተብሎ ጂግለሩ ይሰፋል። ይህ ልማድ ከቆላ አገር የሞተር መጽሐፍ የተቀዳ ካልሆነ በቀር በእኛ ከፍታ መሠረት የለውም። እርግጥ መኪናው ዘወትር ወደ ሚሌ ወይም ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ከሆነ የጠበበው ጂግለር በዚያ ድብልቁን ስለሚያሳሳ ሞተሩን ያግለዋል፤ የመኪናው መንገድ ሳይጠየቅ ጂግለር መቀየር አይገባም።

መለዋወጫዎቹ

ክፍት ፊልትሮን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ንጹሕ የወረቀት ፊልትሮ የሚያስከትለው የግፊት መቀነስ ጥቂት ኪሎፓስካል ብቻ ስለሆነ፣ ፊልትሮውን በሙሉ ማስወገድ እንኳ ብዙ አያተርፍም። በአንጻሩ ሾጣጣው ክፍት ፊልትሮ ኮፈኑ ሥር ሲቀመጥ የሚስበው የሞተሩን ትኩስ አየር ነው። የ28 ዲግሪው አየር 60 ዲግሪ ሲሆን እፍጋቱ 10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በበጋ ከአስፋልት ወጣ ብሎ ወደ ጊራና መሰል መንገዶች የሚሄድ መኪና ላይ ደግሞ ጥሩ ያልሆነ ፊልትሮ አቧራውን ወደ ፒስተን ፋሻዎቹ ያስገባል።

ማርሚታ መቀየር ድምፅ ይሰጣል። በ1290 ሲሲ ሞተር ላይ ከድምፁ በላይ የሚሰጠው ጥቂት ነው። ጆሮ ግን ጉልበትን በድምፅ ስለሚለካ ባለቤቱ ረክቶ ይሄዳል፤ ጎረቤቱ ምን እንደሚል የሌላ ጥናት ጉዳይ ነው።

ቴስታታን አስልቶ የመጭመቅ ውድሩን ከፍ ማድረግ ለከፍታ የሚስማማ ማሻሻያ ነው። የ4ኬ ሲሊንደር 75 ሚሊሜትር ስፋትና 73 ሚሊሜትር የፒስተን ጉዞ ስላለው እያንዳንዱ ሲሊንደር 322.5 ሲሲ ነው። ውድሩን ከ9 ወደ 10 ለማድረስ ከ40.3 ሲሲው የማቃጠያ ክፍል 4.5 ሲሲ መቀነስ አለበት። የተጨመቀው አየር የሚደርስበት ግፊት ሲሰላ፣ ደሴና ወልዲያ አካባቢ ያለ የ10 ውድር ሞተር በባሕር ጠለል ካለ የ9 ውድር ሞተር ያነሰ ነው፤ ስለዚህ የማንኳኳት ሥጋቱ ዝቅተኛ ነው። ትርፉ ግን በንድፈ ሐሳብ 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

እውነተኛ ለውጥ የሚገኘው ሞተሩን በ5ኬ በመተካት ነው። 5ኬ 80.5 ሚሊሜትር ስፋትና ተመሳሳይ የፒስተን ጉዞ ስላለው 1486 ሲሲ ይሆናል፤ ይህም የ15 በመቶ ጭማሪ ነው። መርሳ ላይ 79 በመቶ የነበረውን ወደ 91፣ ደሴ ላይ 73 የነበረውን ወደ 84 ያደርሰዋል። የሞተር ቁጥሩ ስለሚለወጥ ግን ሊብሬው አብሮ መስተካከል አለበት።

ቱርቦ ጉድለቱን በሙሉ ሊሞላ የሚችል ብቸኛው ክፍል ነው፤ የባሕር ጠለልን ግፊት ለመመለስ መርሳ ላይ 1.21፣ ደሴ ላይ 1.36 እጥፍ ግፊት ይበቃል። ይሁን እንጂ የቱርቦ መቆጣጠሪያ ሞላ የሚሠራው ከአካባቢው ግፊት ጋር ተወዳድሮ ነው። 50 ኪሎፓስካል ላይ የተወሰነ ቱርቦ በባሕር ጠለል 151፣ ደሴ ላይ 125 ኪሎፓስካል ጠቅላላ ግፊት ይሰጣል። ባለቤቱ «ቀንሷል» ብሎ ሞላውን ቢያጠብቅና 151ዱን ቢፈልግ፣ ቱርቦው ከ1.5 ይልቅ 2 እጥፍ መጭመቅ ይገደዳል፤ ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ይሽከረከራል።

ፍሬኑ

እስካሁን ያነሣናቸው ስሕተቶች ዋጋቸው ገንዘብ ነው። ካምሻፍት ግን የተለየ ነገር ያስከትላል።

ሰርቮ ያለው ፍሬን የእግርን ኃይል የሚያበዛው ከውጭው አየርና በሞተሩ መሳቢያ ቱቦ ውስጥ ካለው ቫኪዩም ልዩነት ነው። ሞተሩ ጋዝ ሳይረገጥ ሲሠራ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት 30 ኪሎፓስካል ገደማ ነው ብንል፣ በባሕር ጠለል ሰርቮው 71 ኪሎፓስካል ልዩነት ያገኛል። ደሴ ላይ የውጭው ግፊት ራሱ 74.7 ስለሆነ ልዩነቱ ወደ 45 ይወርዳል። መኪናው ገና ምንም ሳይነካ የሰርቮው እርዳታ ከሲሶ በላይ ቀንሷል ማለት ነው። አሽከርካሪው እግሩን ጠንከር ማድረግ ስለለመደ አያስተውለውም።

አሁን «የእሽቅድድም» የሚባለው ካምሻፍት ይገባል። ይህ ካምሻፍት የመግቢያና የመውጫ ቫልቮችን ለረዥም ጊዜ በአንድነት ክፍት ስለሚያደርግ በዝቅተኛ ዙር የሞተሩን ቫኪዩም ያደክማል። በቱቦው ያለው ግፊት ከ30 ወደ 50 ኪሎፓስካል ከፍ ቢል፣ ደሴ ላይ ለሰርቮው የሚቀረው ልዩነት 25 ኪሎፓስካል ብቻ ነው፤ በባሕር ጠለል ከነበረው አንድ ሦስተኛ ያህል ይሆናል። የካምሻፍቱን ማሸጊያ የጻፈው ሰው ይህን ሊያውቅ አይችልም፤ የጻፈው ለቆላ ነው።

ከመርሳ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ መኪና ደሴን አልፎ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ከ2500 ወደ 1850 ሜትር በሚደረገው ቁልቁለት፣ አራት ሰው የጫነ 1200 ኪሎ መኪና 7.6 ሜጋጁል ገደማ ጉልበት ማስወገድ አለበት። የፍሬኑ ብረት በጠቅላላ 20 ኪሎ ነው ብንልና ሁሉም ሙቀት በፍሬኑ ውስጥ ቢቀር፣ ሙቀቱ በ800 ዲግሪ ይጨምር ነበር። በተግባር ነፋሱና የሞተሩ ጉተታ አብዛኛውን ይወስዱታል፤ ነገር ግን ይህ የሚሆነው መኪናው በማርሽ ሲወርድ ነው። ቤንዚን ለመቆጠብ ሲባል በፎሌ መውረድ የሞተሩን ጉተታ ያጠፋል፤ ከዚያም በላይ ሞተሩን ወደ ዝቅተኛ ዙር ይመልሰዋል፤ ያም አዲሱ ካምሻፍት ቫኪዩም የሚያጣበት ዙር ነው። ሙቀቱ የሚጨምርበትና የሰርቮው እርዳታ የሚያንስበት ጊዜ አንድ ላይ ይገጥማል። ሰፊ ቸርኬና ትልቅ ጎማ ከተጨመረ ደግሞ ለዚያው ፍሬን የሚያስፈልገው የእግር ኃይል እንደገና ይጨምራል።

በዓመታዊው የቦሎ ምርመራ የመኪናው ፍሬን የሚፈተሸው ምርመራው በሚካሄድበት ከተማ ከፍታ ላይ ነው። አንድ መካኒክ ካምሻፍት ከቀየረ በኋላ ማድረግ ያለበት ፈተና ግን ቀላል ነው። የቫኪዩም መለኪያ በሰርቮው ቱቦ ላይ ገጥሞ፣ ሞተሩን በፎሌ ዙሩ ትቶ፣ ፍሬኑን ሦስት ጊዜ በተከታታይ መርገጥ ነው። መርፌው በየርግጫው ወርዶ ወዲያው ካልተመለሰ መኪናው ለሐረጎ ዝግጁ አይደለም፤ ወይ የቀድሞው ካምሻፍት ይመለስ፣ ወይ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የቫኪዩም ፓምፕ ይጨመርበት።

ያለ ዳይናሞሜትር መለካት

የጉልበቱን ጥያቄ በተመለከተ፣ ዳይናሞሜትር በሌለበት አካባቢ የቆቦ ሜዳ ቀጥ ያለ አስፋልት፣ አንድ ረዳትና የሰዓት መቁጠሪያ ይበቃሉ። ከሁለት ሰው ጋር 1050 ኪሎ የሚመዝን መኪና በሦስተኛ ማርሽ ከ40 ወደ 80 ኪሎሜትር በሰዓት ሲደርስ የሚያገኘው ጉልበት 194 ኪሎጁል ነው። ይህን በ10 ሰከንድ ቢያደርሰው አማካይ አቅሙ፣ የነፋስና የጎማ ሰበቃ ሳይቆጠር፣ 19.4 ኪሎዋት ወይም 26 የፈረስ ጉልበት ገደማ ይሆናል። በ9 ሰከንድ ቢደርስ ጭማሪው 11 በመቶ ነው። የ3 በመቶ ጭማሪ የሚያመጣው የ0.3 ሰከንድ ልዩነት ብቻ ስለሆነ ከእጅ መዘግየት አይለይም፤ ስለዚህ ልኬቱ በሁለቱም የመንገዱ አቅጣጫዎች ቢያንስ አምስት አምስት ጊዜ መደገም፣ የአየሩ ሙቀትና ግፊትም በየጊዜው መመዝገብ አለበት። ማሻሻያው ከመደረጉ በፊትና ከተደረገ በኋላ የሚደረጉት ልኬቶች በአንድ ዓይነት ሰዓት ካልተወሰዱ፣ ጧት ለጧት ካልሆነ፣ የተለካው መለዋወጫው ሳይሆን የቆቦ የቀትር ሙቀት ሊሆን ይችላል።