ምክሩን ትተን ተረቱን እንንገር

ተረት ከልጅ ጋር ሲነሳ ብዙ ወላጅ የሚቸኩለው መጨረሻ ላይ ወዳለው ምክር ነው። እኔ ምክሩ ቢቀር እመርጣለሁ፤ ፍርዱ ለልጁ ይተውለት።

ለመጀመሪያው ምሽት አንድ ተረት ብቻ ይምረጡ። የአህያዋ ኑዛዜ ጥሩ ነው፤ ሃሮልድ ኩርላንደርና ዎልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች መድበል ውስጥም አለ። ክፉ ዘመን ይመጣል። አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ «ፈጣሪ በኃጢአታችን ተቆጥቶ ነው» ብለው ሊናዘዙ ይሰበሰባሉ። ሦስቱ የሰው ከብት መብላታቸውን ሲናገሩ «ይሄማ ምን ኃጢአት አለው?» ይባባላሉ። አህያ ግን ጌታዋ ቆሞ ሲያወራ ከመንገድ ዳር ሣር መንጨቷን ስትናገር «የመከራችን ምክንያት አንቺ ነሽ!» ብለው ይበሏታል።

እራት ተበልቶ ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ ይጀምሩ። «ተረት ተረት» ሲሉ ልጅዎ «የላም በረት» ይበል። አባባ ተስፋዬ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለ40 ዓመት ያህል ተረት ሲነግሩ ልጆችን አጠገባቸው የሚያስቀምጡት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ተረት መላሽ ይፈልጋል። ሳያነቡ በቃልዎ ይንገሩ። አያ ጅቦ ያጉረምርም፣ አህያዋ ትንተባተብ። ከሰፈራችን ከፉሪ ተራራ በኩል ጅብ ሲጮህ ሰምቶ የሚያውቅ ልጅ ይህን ይወደዋል።

ዋናው ሥራ አህያዋ ከመናገሯ በፊት ነው። እዚህ ላይ ያቁሙ። «አንተ ብትሆን ትናገራለህ ወይስ ዝም ትላለህ?» ብለው ይጠይቁት፤ እስኪያስብም ይታገሱ። «እዋሻለሁ» ቢል አይቆጡ፣ «ለምን?» ብቻ ይበሉት። ተረቱ ሲያልቅ ደግሞ ዳኛ ያድርጉት፤ «አያ ጅቦን ምን ትፈርድበታለህ?» ስለ ትምህርት ቤቱ ጉልበተኛ ማውራት ከጀመረ ተረቱን ትተው እሱን ይስሙት። ገና ትንሽ ከሆነና የአህያዋ መጨረሻ የሚያስፈራው ከሆነ የስንዝሮ ተረት ይሻለዋል።

በማግስቱ ተራው የእሱ ነው። አህያዋን ቢያድናት አያርሙት። «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብሎ ሲጨርስ እውነተኛ ቁራሽ ዳቦ ይስጡት።

የሚነግሩት ካለቀብዎ ጎረቤት ይጠይቁ። ፉሪ አማርኛም ኦሮምኛም የሚነገርበት ሰፈር ነው፤ እንቆቅልሽ እንኳ በአንዱ ቤት «እንቆቅልህ» ተብሎ ሲጀመር በሌላው «ሂቦ» ይባላል። በግቢዎ ተረት የሚያውቁ አያት ካሉ በዚህ ሳምንት ልጅዎን ይዘው ይሂዱ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቀውም ድምፃቸውን በስልክዎ ይቅረጹ።