«ማር»፦ አንድ ድምፅ፥ ብዙ ሥር

በውጭ አገር የሚያድጉ ልጆቻችን ሁለትና ሦስት ቋንቋ በአንድ ጊዜ ስለሚሰሙ፥ በድምፅ የተመሳሰሉ ቃላት ሲያጋጥሟቸው «ይህ ከዚያ የመጣ ነውን?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው መልካም ነው፤ መልሱ ግን ጥንቃቄ ይሻል። ድምፅን ብቻ ተከትሎ ባዕዱን ቃል ዘመድ ማድረግ ከሊቅ እስከ ደቂቅ የተለመደ ስሕተት ነውና። ስለዚህ «ማር» የሚለውን አጭር ቃል ምሳሌ አድርገን የቃላት ዝምድና በምን እንደሚታወቅ እንመለከታለን።

ከራሳችን ቋንቋ እንጀምር። ንብ የምትሠራው ማር በግእዝ «መዓር» ይባላል፤ ትግርኛም ዐይኑን ዐ ሳይጥል እስከ ዛሬ «መዓር» ይላል። አማርኛ የጉሮሮውን ድምፅ ስለ ተወ «ማር» ብሎ አሳጠረው። «ይቅር በል» ለማለት «ማር» ስንል ግን ቃሉ ሌላ ነው፤ ሥሩ በሐመሩ ሐ የሚጻፈው «መሐረ» ሲሆን፥ «ምሕረት»ም ከዚሁ ይወጣል። «ተማረ» የሚለውም ሁለት ወገን አለው፤ ይቅርታ አገኘ ማለት ሲሆን ከ«መሐረ»፥ ትምህርት ቀሰመ ማለት ሲሆን በሃሌታው ሀ ከሚጻፈው «መሀረ» ነው፤ «መምህር» የዚህ ዘር ነው። ሦስቱ የጉሮሮ ድምፆች ከአማርኛ ንግግር ሲጠፉ፥ ሦስቱ ሥሮች ለጆሮ አንድ መሰሉ።

ወደ ዘመድ ቋንቋዎች ስንሻገር ነገሩ ይበልጥ ያስደንቃል። በዕብራይስጥ «ማር» መራራ ማለት ነው። ሥሩ ሁለት ረ ስላለው፥ በእኛ ዘንድ ዘመዱ «መረረ» እና «ምሬት» እንጂ የንቡ ማር አይደለም። በዘጸአት 15፥23 መራራ ውኃ የተገኘበት ስፍራ «ማራ» የተባለው፥ በሩት 1፥20ም ኑኃሚን ይህን ስም ለራሷ የመረጠችው ስለዚህ ነው። በኢሳይያስ 40፥15 ደግሞ ይኸው ድምፅ «ጠብታ» ማለት ነው።

በሱርስት «ማር» ጌታ ማለት ሲሆን፥ ሥሩ በአልፋው አ ይጨርሳል። «ማራናታ» እና እመቤት የሚል ትርጉም ያለው «ማርታ» የተባለው ስም ከዚሁ ናቸው። ከመጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ የሆነው «ማር ይስሐቅ»ም በቃሉ ጣዕም ምክንያት እንዲህ የተሰየመ አይደለም፤ «ማር» ለቅዱሱ የተሰጠ የክብር መጠሪያ ነው። ይስሐቅ በ7ኛው መቶ ዓመት የነነዌ ኤጲስ ቆጶስ የነበረ፥ ትውልዱም ዛሬ ቀጠር ከምትባለው አገር አካባቢ የሆነ አባት ነው።

ከሴም ቋንቋዎች ውጭ ስንወጣ፥ በስፓኝ ቋንቋ «ማር» ባሕር ነው፤ ከላቲኑ «ማሬ» የወረደ ሲሆን የጀርመኑ «ሜር» እና የሩሲያው «ሞሬ» ወገኖቹ ናቸው። በእንግሊዝኛ ደግሞ «ማር» ማበላሸት ማለት ነው። እነዚህ ከእኛ ማር ጋር የተገናኙት በአጋጣሚ ብቻ ነው።

እንግዲህ ዝምድና በምን ይታወቃል? አንደኛ፥ ጥንታዊውን መልክ እንመርምር። ሁለተኛ፥ የሥሩን ፊደላት አንዱንም ሳንጥል እንቍጠር። ሦስተኛ፥ የድምፁ ለውጥ በብዙ ቃላት መደጋገሙን እንይ። የግእዝ ሰ በዕብራይስጥ ሸ መሆኑን «ሰላም» እና «ሻሎም»፥ «ስም» እና «ሼም»፥ «ሰምዐ» እና «ሻማዕ» አብረው ይመሰክራሉ። ብቻውን የቆመ ተመሳሳይነት ግን ምስክር አይሆንም።

አንዲት ፊደል ምን ያህል እንደምታደርስ ከላቲኑ ዓለም አንድ ማስረጃ እንጨምር። በ420 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ያረፈው ሄሮኒሞስ «ማርያም» የሚለውን ስም ከዕብራይስጡ «ማር» እና «ያም» አንጻር «የባሕር ጠብታ»፥ በላቲን «ስቲላ ማሪስ» ብሎ ተረጐመው። ሊቃውንት እንደሚሉት በግልባጭ «ስቲላ» ወደ «ስቴላ» ተለወጠና ጠብታው ኮከብ ሆነ፤ «የባሕር ኮከብ» የሚለው ስያሜም በምዕራቡ ዓለም ጸንቶ ቀረ።

ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ የሚለው ሐሳብ የጀማሪውን ሸክም እንደሚያቀል አንክድም። ነገር ግን ዐ፥ ሐ እና ሀ ከጽሕፈትም ከጠፉ ማሩን ከምሕረቱ፥ ምሕረቱንም ከትምህርቱ የሚለይልን ምልክት አይቀርም። ስለዚህ ወላጆችና መምህራን ልጆቹን ፊደል ሲያስቈጥሩ ከእያንዳንዱ ሞክሼ ጋር አንድ ቃል ያስይዟቸው፤ ዐን ከመዓር፥ ሐን ከምሕረት፥ ሀን ከመምህር ጋር። ያን ጊዜ ልጁ ለጥያቄው መልስ የሚፈልግበትን መንገድ ራሱ ያውቀዋል።