ምዕራፍ 7፦ ለወታደር የሚገዛ ሰንጢ

ልጁን ወይም ወንድሙን ወደ ውትድርና የሚሸኝ ሰው ስጦታ ፍለጋ ሱቅ ሲገባ፣ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ጥቁር፣ ጥርሳም፣ ስሙ ራሱ የሚያስፈራ ሰንጢ ላይ ነው። በእስራኤል ልጆቻቸውን ለግዴታ አገልግሎት የሚሸኙ የቤተ እስራኤል ቤተሰቦችም ሆኑ በአሜሪካ ልጃቸው ፈርሞ ጦሩን የተቀላቀለባቸው ወላጆች «ታክቲካል» የሚለውን ቃል ሳያዩ የሰንጢ መደርደሪያ አያልፉም። ዋጋው ከ20 ዶላር ይነሳና 300 ዶላርም ይደርሳል። የእኔ ክርክር አጭር ነው፦ ለወታደር የሚበጀው ሰንጢ ቢጠፋ የማያስቆጭ፣ ሲደነዝዝ እዚያው ተስሎ ሥራው ላይ የሚመለስ ነው። ከ50 ዶላር በላይ የሚወጣው ገንዘብ በአብዛኛው የሚያስደስተው ገዢውን እንጂ ተጠቃሚውን አይደለም።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው ጦር ሠራዊቶች ራሳቸው ለወታደሮቻቸው ያደሉት ሰንጢ ነው። የስዊዘርላንድ ጦር እ.ኤ.አ. በ1889 አዲስ ጠመንጃ ሲቀበል ሁለት ተራ ችግሮች ነበሩበት። ጠመንጃውን ፈትቶ ለማጽዳት ካቻቢቴ ያስፈልጋል፤ ስንቁ ደግሞ በቆርቆሮ የታሸገ ነው። መልሱ አንድ ስለት፣ የቆርቆሮ መክፈቻ፣ ካቻቢቴና ወስፌ በአንድ የእንጨት እጀታ የያዘ ሰንጢ ሆነ። የመጀመሪያዎቹ 15,000 ሰንጢዎች የተሠሩት በጀርመኗ ዞሊንገን ነበር፤ ያን ያህል ብዛት በቶሎ የሚያወጣ ፋብሪካ በአገሩ አልነበረምና። ካርል ኤልሰነር የሚባለው የስዊስ ቢላዋ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1891 ወደ ሥራው ቢገባም ጀርመኖቹ በዋጋ ስለበለጡት ለኪሳራ ተቃርቦ ነበር። በ1897 ቀለል ያለና የቡሽ መንቀያ ያለው የመኮንኖች ሰንጢ አወጣ፤ ጦሩ ግን ይህኛውን አላደለም፣ የፈለገ መኮንን ከኪሱ ይግዛ ተባለ። (ወይን መክፈት የመንግሥት ወጪ አይደለም ማለት ነው።) አሜሪካም በቬትናም ጦርነት ዘመን ለወታደሮቿ ያደለችው ሰንጢ መላ አካሉ ከማይዝግ ብረት ይሁን እንጂ በውስጡ የነበሩት ከሞላ ጎደል እነዚያው አራቱ ናቸው። ሁለት የማይመሳሰሉ ሠራዊቶች ተራ የሥራ ዕቃ ላይ ከተገናኙ፣ ገዢው ከዚያ የራቀ ነገር ለመምረጥ በቂ ምክንያት ሊኖረው ይገባል።

«ርካሽ ብረት ቶሎ ይደነዝዛል» የሚለው ተቃውሞ ሐሰት አይደለም። የስዊሱ ሰንጢ ስለት በሮክዌል የጥንካሬ መለኪያ 56 አካባቢ ነው፤ ውድ የሚባሉት ብረቶች 60ን ያልፋሉ፤ ስለታቸውም ይቆያል። ነገር ግን ወታደር በሰንጢው ሥጋ ብቻ አይቆርጥም። አሸዋ የገባበትን ገመድ፣ ካርቶን፣ የፕላስቲክ ማሰሪያ፣ አንዳንዴም ሽቦ ይቆርጥበታል። በዚህ ሥራ ሁሉም ብረት ይደነዝዛል፤ ልዩነቱ የሚታየው ሲሳል ነው። በጣም ጠንካራው ብረት ሲሸረፍ ልዩ የአልማዝ መሳያና ትዕግሥት ይጠይቃል። ለስላሳው በኪስ በምትያዝ ድንጋይ፣ እሷም ከጠፋች በሲኒ መቀመጫ ላይ ባለው ቀለም ባልነካው ሻካራ ቀለበት በጥቂት ደቂቃ ይመለሳል። ሲኒውን ገልብጦ ስለቱን ጋደም አድርጎ፣ ከእጀታው በኩል ጀምሮ እስከ ጫፉ እየሳቡ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ማስኬድ ነው። እናቶቻችን በጓዳ ይህን ያውቁታል።

ዝገት ሌላ ጉዳይ ነው። ካርቦን የበዛበት ብረት በቀላሉ ይሳላል፣ ዋጋውም ረከስ ይላል፤ ሎሚና ሽንኩርት ግን ያጠቁረዋል፣ ላብና ዝናብ ያዝገዋል። ኦፒኔል የተባለው የፈረንሳይ ሰንጢ በሁለቱም ብረት ይሠራል፤ በርካሽነቱ ስሙ የታወቀ፣ በእርግጥም ግሩም ቆራጭ ነው። እጀታው ግን እንጨት ስለሆነ እርጥበት ሲጠጣ ያብጥና ስለቱ አልወጣም ይላል። ለሽርሽር እመርጠዋለሁ፤ ሳምንቱን ሙሉ በጭቃ ለሚውል ሰው ግን የማይዝግ ስለትና የናይለን ወይም የአሉሚኒየም እጀታ ይሻላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ስለ መቆለፊያ ነው፦ ስለቱ ሲከፈት የማይቆለፍ ሰንጢ ጣት ይቆርጣል ይባላል። በጫፉ ሲወጉበት ወይም በጀርባው ሲጫኑት እውነት ነው። ሆኖም የስዊስ ጦር መደበኛ ሰንጢ መቆለፊያ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2008 ሞዴሉ ነው፤ ከዚያ በፊት ከመቶ ዓመት በላይ ስለቱን ይዞት የኖረው የሞላ ግፊት ብቻ ነበር። ስለዚህ መቆለፊያ ጥሩ ነው፣ ያለ እሱ ግን ሰንጢ አይረባም አይባልም። ይልቅ የሚያስፈራው የማይታመን መቆለፊያ ነው፤ እጅ ያለ ፍርሃት እንዲጫን ያደርግና ድንገት ይለቃል። ሕግም አለ። በብሪታንያ ያለ በቂ ምክንያት በአደባባይ ሊያዝ የሚችለው የማይቆለፍና ስለቱ ከ3 ኢንች፣ ማለትም ከ7.62 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ሰንጢ ብቻ ነው። የየአገሩና የየክፍሉ ደንብ ስለሚለያይ ከመግዛት በፊት ወታደሩን ራሱን መጠየቅ ነው።

«ለውጊያስ ቢያስፈልገው?» ለሚለው ብዙ ቃል አላባክንም። ለውጊያ ጠመንጃ ተሰጥቶታል። ለመውጋት የሚያምር ቀጭን ሹል ስለት ቆርቆሮ ሲፈለቀቅበት ጫፉ ይሰበራል፤ የእስራኤል ጦር የመስክ ስንቅ ውስጥ ደግሞ ዛሬም የቱና ቆርቆሮ አለ። ፒንሳ ያለው ባለ ብዙ መሣሪያ ይሻላል የሚሉትም ለመካኒክና ለሬዲዮ ሠራተኛ ልክ ናቸው፤ ለሌላው ከብዶ ሻንጣ ውስጥ ይቀራል፣ ሻንጣ ውስጥ የቀረ ሰንጢ ደግሞ ሲፈለግ አይገኝም።

ርካሽ ስል እርባና ቢስ ማለቴ አይደለም፤ የታዋቂ ስም የተለጠፈበት አስመሳይ ዕቃ ገበያውን ሞልቶታል። ሱቅ ውስጥ ሰንጢውን ይክፈቱና ስለቱን በሁለት ጣት ይዘው ወደ ግራና ቀኝ ይወዝውዙት፤ ከተንቀጠቀጠ ይመልሱት። አጥፈው ከላይ ሲያዩት ስለቱ መሐል ለመሐል መግባት አለበት፤ አንዱን ጎን እየፋቀ የሚገባ ከሆነ አሠራሩ ጠማማ ነው። አንድ ወረቀት አንጠልጥለው ይቁረጡበት። ስለቱ ወረቀቱን ከቀደደው በመሳል ይስተካከላል፣ የላላ ማጠፊያ ግን አይስተካከልም። እጀታው ላይ ገመድ የሚገባበት ቀለበት ያለውን ያስቀድሙ፤ ሰንጢ ከመሰበሩ ይልቅ መጥፋቱ ይብሳልና በገመድ ከቀበቶ ጋር ይታሰራል። ከተረፈው ገንዘብ አንዲት ትንሽ መሳያ ድንጋይ ገዝተው አብረው ይስጡት።