በተከበበች ከተማ ያሉ ሕፃናት
የጥናቱ ክፍል፦ 2ኛ ነገሥት 6፥24 እስከ 7፥9

ሰማርያ በሶርያውያን በተከበበች ጊዜ አንድ የአህያ ራስ እስከ ሰማንያ ብር ይሸጥ እንደ ነበር ቃሉ ይነግረናል። ጸሐፊው በሰይፍ የወደቁትን አልቆጠረም፤ የምግቡን ዋጋ ጻፈ። የተከበበ ሕዝብ የሚያልቀው በዚህ በኩል ነውና።

በምሥራቅ ናይጄሪያ ቢያፍራ በግንቦት 1967 እ.ኤ.አ. ነፃነቷን አወጀች፤ ጦርነቱም እስከ ጥር 1970 ቆየ። የፌዴራሉ መንግሥት መንገዱን ዘጋ። በግንቦት 1968 ፖርት ሃርኮርት ስትያዝ ግዛቲቱ ያለ ወደብ ቀረች። ካሳቫና ቦዬ በአገሩ ስለሚበቅል መጀመሪያ ላይ ሆድ የሚሞላ ነገር ፈጽሞ አልጠፋም። ገንቢው ምግብ ግን ከውጭ ነበር የሚመጣው፤ የቀንድ ከብቱ ከሰሜን፣ ደረቁ ዓሣ ከኖርዌይ በመርከብ። ይህ ሲቋረጥ ክዋሽዮርኮር የሚባለው በሽታ ሕፃናትን ፈጀ። (ቆጮ በሚበላበት አገር የሚሠሩ የፕሮጀክት ሠራተኞቻችን ነገሩ ቶሎ ይገባቸዋል፤ ከቆጮው ጋር ወተቱና ባቄላው ሲጠፋ ሕፃኑ እንደሚጎዳ ያውቃሉና።)

የዚህ በሽታ ክፋቱ አታላይነቱ ነው። እግርና ፊት ስለሚያብጥ እናት «ልጄ ወፈረ» ልትል ትችላለች። የክንድ መለኪያው ጥብጣብ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ሲያሳይ ሕፃኑ በብርቱ መጎዳቱን እናውቃለን፤ ያበጠው ሕፃን ግን ከዚህ ልኬት ሊያመልጥ ይችላል። ስለዚህ የሁለቱንም እግሮቹን የላይኛ ገጽ በአውራ ጣት ለሦስት ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ልቀቁ። በሁለቱም ላይ ጉድጓድ ከቀረ፣ ጥብጣቡ ምንም ቢያሳይ ሕፃኑን ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት። ራርታችሁ ብዙ አታብሉት፤ የተዳከመ አካል ብዙ ምግብ በአንድ ጊዜ ሲገባበት ሊሞት ይችላል። ጥቂት በጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ፣ ሐኪም እንዳዘዘው ይሰጠው። ኩፍኝም እንዲህ ያለውን ሕፃን ፈጥኖ ስለሚገድል ክትባቱ ከእህሉ ኋላ አይቅር።

በቢያፍራ የፕሮቴስታንትና የካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት ተባብረው ከሳኦ ቶሜ ደሴት በሌሊት እየተነሡ፣ ኡሊ ላይ ከአውራ ጎዳና በተሠራ ማረፊያ ወተትና ደረቅ ዓሣ አደረሱ፤ በረራው ከ5,000 በላይ ነበር። የእርዳታው መንገድ በምድር ይሁን በአየር በሚለው ላይ ሁለቱ ወገኖች በ1968 አዲስ አበባ ድረስ መጥተው ተከራክረው ሳይስማሙ ተለያዩ። የጦር መሣሪያ የጫኑ አውሮፕላኖችም በዚያው ማረፊያ ያርፉ ስለ ነበር፣ እርዳታው ጦርነቱን አራዝሟል የሚሉ አሉ። ይህ ክርክር በቀላሉ የሚገፋ አይደለም። እኔ ግን ክርክሩ እስኪያልቅ ወተቱ መጋዘን ይቆይ ነበር ለማለት አልደፍርም።

ለውይይት፦ አራቱ ለምጻሞች መብሉን ካገኙ በኋላ ወደ ከተማይቱ በር የተመለሱት ስለ ምንድር ነው? በእኛስ ምእመናን መካከል ቤት ለቤት እየሄደ የሕፃናትን እግር የሚያይ ማን ነው? ስሙን ከመለያየታችሁ በፊት ጻፉ።